እሺ ያልኩት ለወሬው ነበር

ሳያስፈቅድ የሰው መሬት ገብቶ አውሬ የሚያድነውን ሌባ እንለዋለን። አስፈቅዶ መልሱን የማይሰማውን ግን ምን እንበለው? እዚህ ጂንካ እንዲህ ያለው አንዱ ጎረቤቴ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

ከጓሮዬ ጫካ አንዲት ድኩላ ከግልገሏ ጋር ትኖር ነበር። ውሻዬ እንኳ ለምዷት መጮህ ትቶ ነበር። ጎረቤቴ አንድ ቀን አጥሬን ተደግፎ፣

«እትዬ፣ ያቺ ድኩላ በቆሎ ትጨርሳለች» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

«እኔ ደግሞ ጠመንጃ አለኝ።»

«እሺ።»

«እና ገባ ብዬ…»

«እሺ?»

ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው ማለቴ ነበር እንጂ ግደል ማለቴ ነበር? እናንተስ ወሬ ስትሰሙ ምን ትላላችሁ?

በማግስቱ ተኩስ ሰማሁ፤ ድኩላዋን ገድሏት ነበር። ከስሼው ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

«ሦስት ጊዜ እሺ ብለውኛል» አለ። ጨዋው ሰውዬ ቆጥሮታል!

«ብለዋል ወይስ አላሉም?» አሉኝ።

«ብያለሁ፣ ግን…»

«በቃ! ታረቁ።»

ግልገሏ አሁንም ብቻዋን ጫካው ውስጥ አለች። ጎረቤቴም ዛሬ ጠዋት አጥሩን ተደግፎ፣ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ።

አፌን ግጥም አድርጌ ቤቴ ገባሁ።