በቆላ ውርጭን ስለ መከላከል

የሰው ልጅ በቴክኖሎጂ ላይ መደገፉ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል በማንጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት፣ በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በይፋ ተዘግቷል። የዘጉት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ አሰግድ ናቸው።

አቶ አሰግድ ከደብረ ብርሃን ተዛውረው ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ቆላውን ለመልመድ ያላደረጉት ጥረት የለም፤ ቆላው ግን እሳቸውን ለመልመድ ፈቃደኛ አልሆነም። ከቢሮ እስከ ምሳ ቤት ያለችውን ሦስት መቶ እርምጃ በባጃጅ ነው የሚሄዷት። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ይጣበቃል። ከሰዓት በኋላ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ሲያነሱ ደብዳቤው አብሮ ተለጥፎ ይነሳል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ለበላይ አካል የተላከ ደብዳቤ ማኅተሙ ግማሽ ሆኖ ቢገኝ፣ ሌላው ግማሽ የተገኘው እሳቸው ክንድ ላይ ነው።

በዚያ ማክሰኞ ከበላይ አካል የዲጂታል አየር መረጃ ማሳያ ስክሪን ተልኮ መጣ። የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናሆም ከኃላፊው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሰቀለውና ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ወዲያው ንብረት ክፍል መጥቶ የንብረት ቁጥር ለጠፈበት። ተለጣፊው ወረቀት ያረፈው ስክሪኑ ጥግ ላይ በነበረች አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ላይ ነበር። ጽሑፏን ያነበባት አልነበረም። ቁጥሩን ግን ሁሉም መዝግቦታል።

ስክሪኑ በራ። ሰባት ዲግሪ አለ። ከሥሩ የጉም ሥዕል ነበረው።

አቶ አሰግድ ከወንበራቸው ተነሡ። «እጅጋየሁ፣ ሰባት ዲግሪ ነው» አሏት ጸሐፊያቸውን።

«ምኑ?»

«አየሩ።»

እጅጋየሁ ፊቷን የምታራግብበትን ፋይል ዝቅ አደረገች። ላቧ ከግንባሯ ተነሥቶ በጉንጯ አልፎ አገጯ ላይ ተንጠልጥሏል። «እኔን እኮ አልቦኛል፣ አቶ አሰግድ።»

«ላብ የግል ጉዳይ ነው» አሉ በትሕትና። «ይሄ ግን መረጃ ነው።»

ክርክሩ የተዘጋው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

በማግስቱ ሰርኩላር ወጣ። «የጽሕፈት ቤታችን ማራገቢያዎች ከተቋማዊ መረጃ ጋር የማይጣጣም መልእክት የሚያስተላልፉ ሆነው ስለተገኙ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ተነቅለው ወደ ግምጃ ቤት እንዲገቡ» ይላል። አቶ አሰግድ ራሳቸው ከሻንጣቸው ሥር የደብረ ብርሃን ኮታቸውን አውጥተው ለበሱ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏቸዋል። ስክሪኑን ሲያዩ ጠዋት ጠዋት በአፋቸው ጭስ እየተፉ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ዘመን ይታወሳቸዋል። በዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ሙሉ የተረዳቸው አልነበረም። አሁን ግን ግድግዳቸው ላይ አንድ ነገር «ብርድ ነው» እያለ ያጽናናቸዋል።

ሠራተኛውም እየዋለ እያደረ ገባው። የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚሞላው በታኅሣሥ ነውና፣ እጅጋየሁ ወደ ኃላፊው ክፍል ስትገባ ሹራብ ትለብሳለች፣ ስትወጣ ኮሪደር ላይ ታወልቀዋለች። «ዛሬስ ነፈስ ብሏል» ትላለች ላቧን በክንዷ እየጠረገች። አቶ አሰግድም የሠራተኛው ግንዛቤ መጨመሩን በየሳምንቱ ሪፖርት ያደርጋሉ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስክሪኑ ቀይ ሆነ። የውርጭ ማስጠንቀቂያ ነበር።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ውርጭ ወድቆ አያውቅም። አቶ አሰግድ ግን «ወድቆ የማያውቅ ነገር ሲወድቅ ነው ጉዳቱ የሚከፋው» ብለው የአስቸኳይ ጊዜ ዘመቻ አወጁ። በመስኖ የፈላ የሽንኩርት ችግኝ ሁሉ ሌሊትና ቀን በፕላስቲክ ተሸፍኖ እንዲቆይ ታዘዘ። ፕላስቲኩም ታደለ። አቶ አሰግድ ኮታቸውን እንደለበሱ ናሆምን አስከትለው ወደ ገጠሩ ወረዱ።

ከሮቢ ወንዝ ዳር የእትዬ ወርቅነሽ ማሳ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ገበሬ ናቸው፤ ችግኛቸው መካከል ቁጢጥ ብለው አረም ይነቅላሉ።

«ውርጭ?» አሉ ቀና ብለው።

«ውርጭ» አሉ አቶ አሰግድ።

«እዚህ?»

«ማስጠንቀቂያው ቀይ ነው።»

እትዬ ወርቅነሽ የሰውዬውን ኮት አዩት፤ ከዚያ ላባቸውን አዩት። «ጌታዬ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያረጀሁት። ይሄን ፕላስቲክ በዚህ ፀሐይ ባለብሰው ይቀቀላል እኮ።»

«የአየር ንብረት ተለውጧል፣ እትዬ ወርቅነሽ።»

«ይለወጥ። ይህ ፀሐይ ግን የአምናው ነው።»

«እንደ መረጃው ፀሐይ የለም» አሉ አቶ አሰግድ ዓይናቸውን በእጃቸው ከፀሐዩ እየከለሉ።

እትዬ ወርቅነሽ እሺ አሉና ፕላስቲኩን ተቀበሉ። እንግዶቹ ባጃጃቸው ላይ እስኪወጡ ጠበቁ። ከዚያ አጣጥፈው ቤታቸው አስገቡትና ወደ አረማቸው ተመለሱ። ሌሎቹ ገበሬዎች ግን የመንግሥት ትእዛዝ ያከብራሉ።

በአምስተኛው ቀን የዘመቻው ውጤት ተጠናቅሮ ለበላይ አካል ተላከ። «በውርጭ የተጎዳ ማሳ፦ ዜሮ» ይላል። አንዲት ቃል ሐሰት የለባትም። ሳምንት ሳይሞላ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ጽሕፈት ቤቱ በቆላማ አካባቢዎች ውርጭን በመከላከል አንደኛ ወጥቷል። ሁለተኛ የወጣ አልነበረም።

አቶ አሰግድ ደብዳቤውን ፍሬም አስገብተው ከስክሪኑ ጎን በሰቀሉበት ዕለት አንድ ባለጉዳይ መጡ። ጋሽ ተክሌ ይባላሉ። ሦስት መደብ ችግኝ የነበራቸው፣ ያንን አዛውረው ዓመቱን ሊኖሩበት ያሰቡ ሰው ናቸው። ከፌስታል ውስጥ አንድ እፍኝ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቢጫ ነው፤ ለስልሷል፤ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል።

«ከውርጩ ድኗል» አሉ ጋሽ ተክሌ ረጋ ብለው። «ከእናንተ ግን አልዳነም።» ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

አቶ አሰግድ እፍኙን ችግኝ ረጅም ሰዓት ተመለከቱት። ውርጭ ሳይነካው የሞተ ሽንኩርት እንዲህ ያሳፍራል ብለው አስበው አያውቁም። ከዚያ ተነሥተው ከኅዳር ወዲህ ያላደረጉትን አደረጉ፤ መስኮቱን ከፈቱ። የገባው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር።

«ናሆም» አሉ፣ «ይሄ ነገር ደኅና ነው?»

ናሆም ወንበር ላይ ወጥቶ ስክሪኑን ዙሪያውን መረመረ። በመጨረሻ የንብረት ቁጥሩን በጥፍሩ ላጥ ላጥ አደረገና ከሥሩ ያለችውን ጽሑፍ አነበበ።

«ጣርማበር ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሲመጣ ጀምሮ የተሞላው ጣርማበር ላይ ነው። የጣርማበርን አየር ነው ሲነግረን የከረመው።»

ጣርማበር ከሸዋ ሮቢት በላይ ተራራው አናት ላይ ያለ፣ ጉምና ውርጭ የማይለየው አገር ነው። አቶ አሰግድ ኮታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። «ለማስተካከል ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«አንዴ መንካት ነው።»

አንዴ መንካት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ የተላከ ሪፖርት አለ፤ የምስጋና ደብዳቤ አለ፤ ፍሬም አለ። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ስክሪኑ ስሕተት ያልነበረበት መሆኑን፣ ይሁን እንጂ «ማሻሻያ» እንደሚያስፈልገው ወሰነ። በየካቲት መጀመሪያ ናሆም አንዴ ነካው። ሠላሳ ሦስት ዲግሪ አለ። በዕለቱ «ከዛሬ ጀምሮ ሙቀት መኖሩ ስለታወቀ» የሚል ሰርኩላር ወጥቶ ማራገቢያዎቹ ከግምጃ ቤት ተመለሱ። እጅጋየሁ በሕጋዊ መንገድ አላባት።

ሚያዝያ ላይ የልምድ ልውውጥ መድረክ ተዘጋጀ። ውርጭን እንዴት መከላከል እንደሚቻል ሊማሩ ከካራቆሬና ከሌሎችም ቆላማ ከተሞች እንግዶች መጡ። አዳራሹ ይሞቃል ተብሎ ስብሰባው የተደረገው ከደረቀው የሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። አርባ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ስክሪኑም በባትሪ እየሠራ የክብር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ችግኛቸው የተረፈላቸው ብቸኛ ገበሬ እትዬ ወርቅነሽ በሞዴልነት ተጋብዘው ፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። እንዴት እንደተረፈላቸው የጠየቃቸው አልነበረም።

«ቴክኖሎጂ ይጎዳል የሚሉ ወገኖች አሉ» ብለው ጀመሩ አቶ አሰግድ በድምፅ ማጉያ። «እኛ ግን በተግባር ያረጋገጥነው…»

«አቶ አሰግድ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው እየተነሡ። «ከዚህ እንነሣ። ደጋው ዝናብ ይዟል።»

አቶ አሰግድ ወደ ተራራው አልዞሩም። ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ከተቀቀለው ሽንኩርት ወዲህ ጥንቁቅ ሰው ሆነዋል፤ ጥግ ላይ ያለችውን ጽሑፍ ሳያነቡ ምንም አይናገሩም። «ሸዋ ሮቢት» አሉ ጣታቸውን ጽሑፏ ላይ አድርገው፣ «ጥርት ያለ ሰማይ። የዝናብ ዕድል ዜሮ ከመቶ። አሁን ተስተካክሏል፣ እትዬ ወርቅነሽ፤ አይሥጉ።»

«እዚህ ይዘንባል መች አልኩ? የሮቢ ውሃ የሚመጣው ከላይ ነው።»

«መርሐ ግብሩ ላይ የጥያቄ ሰዓት አለን።»

እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ዳርቻው ወጡ። ጋሽ ተክሌ ተነሥተው ተከተሏቸው። ገበሬው ሁሉ ተከተለ። እንግዶቹ የሻይ ሰዓት ነው ብለው ተከተሉ። አሸዋው ላይ የቀሩት አቶ አሰግድ፣ ናሆምና አርባ ወንበር ናቸው።

መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ መንገዱ ላይ ብዙ የጭነት መኪና አብሮ የሚያልፍ ይመስል ነበር። ናሆም ቀድሞ ገባው። አቶ አሰግድ ስክሪኑን አቅፈው ሊሮጡ ሲሉ ቀበቷቸውን ይዞ ጎተታቸው፤ ስክሪኑ ወደቀ፤ እነሱ ዳርቻው ላይ በደረታቸው ተዘረጉ። ቡናማው ጎርፍ ግንድና ድንጋይ እየገፋ መጣና ባነሩን፣ ወንበሮቹን፣ ድምፅ ማጉያውን ጠራርጎ ወሰደ። ስክሪኑ ጥቂት ተንሳፈፈ። ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ጥርት ያለ ሰማይ ያሳይ ነበር። ላለመዋሸት፣ በዚያ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ናሆም ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ «ባንነካው ኖሮ ይነግረን ነበር» አለ።

አቶ አሰግድ ግን ከሞት የተረፉ ሰው ናቸው፤ ከሞት የተረፈ ሰው ደግሞ ይለወጣል። ሰኞ ጠዋት አዲስ ሰርኩላር ወጣ። ቴክኖሎጂ ጎጂ ነው። ከእንግዲህ ጽሕፈት ቤቱ የሚደገፈው በአገር በቀል እውቀት ብቻ ነው። ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሠላሳ ደቂቃ ሰማይ ይመለከታል፤ መመልከቱንም ይፈርማል። ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። ክርክሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ።

በዚያው ሳምንት አቶ አሰግድ እጅጋየሁን ጥራዝ አስይዘው ወደ እትዬ ወርቅነሽ ማሳ ሄዱ። የአባት የእናታቸውን እውቀት ከአፋቸው ቀድተው ለትውልድ ሊያስተላልፉ ነው። ኮትም ስክሪንም ሳይኖራቸው ከአፈሩ ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ነፍሴን አትርፈዋል» አሉ ከልባቸው። «አሁን ምሥጢሩን ይንገሩን። ጎርፉ እንደሚመጣ በምን አወቁ? በነፋሱ ሽታ ነው? በወፎቹ? በዳመናው አቀማመጥ?»

እጅጋየሁ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

እትዬ ወርቅነሽ እጃቸውን ከጭቃው አራገፉና ከመቀነታቸው ሥር ስልክ አወጡ። በአውራ ጣታቸው ሁለቴ ነካክተው ለአቶ አሰግድ አሳዩአቸው። ጥቁር ዳመናና ዝናብ ይታያል። ከላዩ በትልልቁ ጣርማበር ይላል።

«ልጄ ነው አምና የጫነልኝ» አሉ። «ውሃው የሚወርደው ከዚያ ስለሆነ፣ እዚያ ሲዘንብ የሚነግረኝ ነገር አድርግልኝ አልኩት። ያን ዕለት ከባድ ዝናብ ብሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ተራራውን ሳየው ደግሞ እውነቱን ነው።»

እጅጋየሁ የጻፈችውን ርእስ ሰረዘች። «ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች። ኃላፊው አልሰሟትም።

«እንግዲያው ያን ጊዜ» አሉ አቶ አሰግድ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ስልክ አይቼ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ ስልካቸውን ወደ መቀነታቸው እየመለሱ። «እርስዎ የጠየቁት ስክሪኑን ነው።»