ማርሚታ የሌለው ሰው

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ኢንጂነር ወንድይፍራው ቤቶች ተሰልፈው የሰው ፕላን ሲያወጡ በሕልሙ አየ። ከምሳ በኋላ የሚታይ ሕልም ከሆድ እንጂ ከላይ አይመጣም የሚሉ አሉ። እሱም እንደዚያ ቢሆንለት ምንኛ በወደደ።

ወንድይፍራው አዳማ ውስጥ የሰው ቤት ፕላን እያወጣ የሚኖር ሰው ነው። አምና ተራው ደርሶ የራሱን ቤት ሠራ። ሚስቱ የትናየት አስም አለባት፤ የአዳማ ነፋስ ደግሞ አቧራውን ሰው ቤት ካላራገፈ ደስ አይለውም። ስለዚህ መስኮት ተዘግቶ የተጣራ አየር በቱቦ ወደየክፍሉ የሚያስገባ ማሽን በፕላኑ ላይ አከለ። እንዲህ ያለው ማሽን እንዳይጮህ የሚደረገውን ሁሉ ያውቃል፤ ለደንበኞቹ ሲያስረዳማ አፉ አይያዝም። ማሽኑን ከመኝታ ቤት አርቁት፣ ከሥሩ ጎማ አድርጉለት፣ ቱቦውን ሰፋ አድርጉት፣ አየሩ ሳይቸኩል ይሂድ ይላቸዋል። ሁለት መኝታ ቤት በአንድ ቀጥ ያለ ቱቦ ካገናኛችሁ ደግሞ መሐሉ ላይ ድምፅ የሚውጥ ሳጥን ሳታስገቡ እንዳትዘጉት ይላል። ሠራተኞቹ ይህን ሳጥን በመኪና ጭስ መውጫ ላይ በሚገጠመው ድምፅ ማፈኛ ስም ማርሚታ ይሉታል።

በራሱ ቤት ላይ ሁሉንም አደረገና ማርሚታውን ተወው። ሳጥኑ ወፍራም ነው፤ የመተላለፊያውን የጅብሰም ኮርኒስ አንድ ስንዝር ያወርድበት ነበር። ያ ጅብሰም ደግሞ ባለ ሦስት እርከን፣ ዙሪያውን መብራት የሚፈነጥቅበት፣ በቤት ምርቃቱ ቀን እንግዳው ሁሉ ምግቡን ትቶ አንጋጦ ያደነቀው ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ ወንድይፍራው ጉሮሮም ጨመረለት።

በቱቦው አንደኛ ጫፍ የባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ነው። በሌላው ጫፍ ባለው ክፍል ከወር በፊት ለሕክምና ከአሰላ የመጡት የየትናየት አባት፣ አባባ ድልነሳሁ፣ ይተኛሉ። ሠላሳ ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጠው መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሁለት ሰው አገናኝተው ሲያበቁ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡ እንደነበር ደጋግመው ያወሳሉ። የሰው ወሬ መስማት ለሳቸው የሰው ኪስ ከመግባት አይለይም።

አባባ ድልነሳሁ ይስላሉ። ያን እሁድም ወንድይፍራው ጋደም ከማለቱ ሳላቸው በቱቦው መጥቶ ራስጌው ላይ ወረደበት። ብድግ ብሎ ለሚስቱ አንድ ሁለት ቃል ተናገራት። የትናየት ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንቅልፉን ለጠጠ።

በሕልሙ ቢሮው ሲገባ ወንበሩ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተቀምጣ አገኘ። ቆርቆሮዋን እንደ ባርኔጣ አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች፤ የእሱን እርሳስ ይዛለች። ከኋላዋ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቤቶች ተሰልፈዋል። ቪላው ከጭቃ ቤቱ ጋር ይጋፋል፤ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሰው ሳያየው ሰልፍ ሊሰብር ጎንበስ ብሎ ይሄዳል።

ቤቲቱ ሜትር አውጥታ ከአፉ እስከ ጆሮው ለካችው። ያለ ፕላን ሰው ገብቶባት መከራዋን እንዳየች ነገረችው። ሰውዬው በር ሲዘጋ ይጮሃል፣ ሲቆጣ ይጮሃል፣ ሲያንቀላፋም ያንኮራፋል፤ መሠረቷ ሳይቀር ተናግቷል። ከእንግዲህ በደንብ ያልታቀደ ሰው አታስገባም።

"ጉሮሮው ሰፋ ይበል፣ ቃሉ ሳይቸኩል እንዲወጣ" እያለች ጻፈች። "ከእግሩ ሥር ጎማ ይግባለት። አፉ ደግሞ ከመኝታ ቤት ይራቅ።"

"አፌ ከመኝታ ቤት ወጥቶ የት ይሆናል?" አላት።

"ጓሮ" አለችው።

ፕላኑ መጽደቅ ስላለበት ወደ ማዘጋጃ ቤት ላከችው። መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ ምንም አይሰማም። የታክሲ ረዳቶች አፋቸውን እስከ ጆሯቸው ከፍተው ይጣራሉ፤ ምንም አይሰማም። አንዲት ሴት ግን ጥግ ይዛ ስለ ጎረቤቷ ወጥ ለጓደኛዋ ሹክ ስትል ድምፅዋ ከተማውን አቋርጦ ሄደ፤ ጎረቤትየዋም ከሌላኛው የከተማው ጫፍ መልስ ሰጠች። ወንድይፍራው አንዱን ሰው ጠጋ ብሎ ማዘጋጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ በቀስታ ጠየቀው። አደባባዩ ተናወጠ፤ ውሾች ሸሹ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየው፣ እሱም አንገቱን ደፋ።

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በትልቁ ቢሮ፣ ፍራሽ ላይ፣ የእሱ የአየር ማሽን ተኝቷል። አሥራ አንድ ጸሐፊዎች ዙሪያውን ከበው "እምምም" ይላሉ። ወንድይፍራው ላለመረበሽ አፉን ዘግቶ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ሲገባ አንደኛው ጸሐፊ ተቆጣው።

"ዝም አትበል፣ ይነቃል።"

እሱም ከጸሐፊዎቹ መሐል ተቀምጦ "እምምም" ማለት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ የገዛ ቤቱ በመስኮት ገባች። ባለ ሦስት እርከን ጅብሰሟ ከነመብራቱ ግንባሯ ላይ ያበራል። ሰማያዊ ወረቀት ዘርግታ "ይሄ አንተ ነህ" አለችው። እውነትም እሱ ነበር፤ ከታችም ፊርማው አለ። ከአፉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወጥቶ፣ የትም ሳይታጠፍ፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ጆሮ ይገባል።

"ማርሚታው የታለ?"

"ጅብሰሙን ያወርድብኛል" አለ ወንድይፍራው።

በቤት ምርቃቱ ቀን የመጡት እንግዶች ለካ እስከዛሬ ሳህናቸውን እንደያዙ አንጋጠው ቆመዋል። ይህን ሲሰሙ አንድ በአንድ አንገታቸውን አውርደው እሱን አዩት። እንዲህ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም። ሮጦ የሚገባበት በር ፈለገ፤ በሮቹ ሁሉ ከቤቶቻቸው ጋር ሰልፍ ላይ ነበሩ።

በዚህ መሐል አባባ ድልነሳሁ የስልክ ቤት ልብሳቸውን ለብሰው መጡና ወረቀቱ አጠገብ ተቀመጡ። ገመድ ስበው ጫፉን መስመሩ ላይ ሰኩ።

"መስመርዎ ተገናኝቷል፣ ይናገሩ" አሉት፣ እንደማያውቁት ሰው በአክብሮት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ማዳመጫውን ከጆሯቸው ሊያወርዱ ያዙት። አልወርድ አለ። በሁለት እጃቸው ጎተቱት፣ ከጆሯቸው ጋር አብሮ በቅሏል።

ወንድይፍራው አይስሙኝ ብሎ ጮኸ፤ በዚያ አገር ግን ጩኸት ድምፅ የለውም። ቢጨንቀው ይቅርታ ሊል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከአፉ የወጣው ይቅርታ ሳይሆን ከምሳ በኋላ ለሚስቱ ያላት ነገር ነበር፣ ቃል በቃል፣ በሹክሹክታ፦

"አባትሽ እዚሁ ሊሞቱ ነው እንዴ የመጡት? እኔ ቤት የሠራሁት የሽማግሌ ሳል ላዳምጥበት አይደለም።"

የተሰለፉት ቤቶች ቆርቆሮ ተንኳኳ። ጸሐፊዎቹ እምምታቸውን አቆሙ። ማሽኑ ባንኖ ከፍራሹ ተነሣና ማጓራት ጀመረ።

ወንድይፍራው ዓይኑን ገለጠ። ጩኸቱ አልቆመም። ከራስጌው በላይ ካለው ፍርግርግ አየሩ እያፏጨ ይወርዳል፣ ከወትሮው እጥፍ ሆኖ። ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ባለሙያ ይጠራ ነበር። ባለሙያው ግን እሱ ራሱ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቱቦ አንደኛው ሲደፈን አየሩ ሁሉ በሌላው እንደሚወጣ ያውቃል።

ወዲያው አልተነሣም። ሳሉ በቱቦው መጣብኝ ብሎ ሲያማርር፣ የሱ ቃል በየት በኩል እንደሚሄድ አንዴ እንኳ አላሰበም። ሃያ ዓመት ለሰው ሲያስረዳ የኖረውን! ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል፤ ያን ጊዜ ገባው። በባዶ እግሩ ወጥቶ፣ በዚያ በሚያበራው ጅብሰም ሥር አልፎ፣ የአባባ ድልነሳሁን በር አንኳኳ።

መስኮቱ ለአቧራው ተዘግቷል፤ ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። የአየሩ ፍርግርግ በነጭ ጋቢ ተወትፏል፤ ጥለቱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ወንበር ቆሟል፤ እግራቸው እንዳያቆሽሸው ጋዜጣ አንጥፈውበት ነው የወጡት። አባባ ድልነሳሁ ትራሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ምነው ጋቢውን?" አላቸው።

"ብርድ ብርድ አለኝ፣ ልጄ" አሉት። ላቡ ከግንባራቸው ወርዶ ቅንድባቸው ላይ ቆሟል።

ወንድይፍራው ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። አባባ ድልነሳሁ ምን ሊል እንደሆነ አዩና ቀደሙት።

"ማሽንህ ግን ጎበዝ ነው። ምንም አይሰማም" አሉት። ከዚያም ትራሱን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ሳላቸውን እዚያው ትራሱ ውስጥ ሳሉ።