ልጄን ስንት ሰው ጠቀሳት?

«ጠቀሰ» የሚል ቃል ቤት ያፈርሳል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የእኔን ቤት ለጥቂት ነው የሳተው።

ልጄ ሰላም እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ኮሌጅ ታስተምራለች። ተወልዳ ያደገችውም እዚሁ ስለሆነ አማርኛዋ መንገድ ላይ ወደ ዓረብኛ ይታጠፋል። የሰሊጥ እርጥበት የሚለካ ሴንሰር ሠራች፤ ጫፉ ጆንያው ውስጥ ሲሰካ ቁጥር ያሳያል። ሠላሳ ዓመት እጄን ጆንያ ውስጥ እየከተትኩ «ደርቋል፣ አልደረቀም» ስል የኖርኩ የመጋዘን ሰው ነኝ። ልጄ እንጀራዬን ቀማችኝ ማለት ነው። ይሁን፣ ደስ ብሎኛል።

ታዲያ ሙዲሩ፣ የኮሌጁ አለቃ ማለቴ ነው፣ ቋሚ ለመሆን ጽሑፍ አሳትሚ አላት። ያውም የትም አይደለም፤ ኢምፓክት ፋክተር የሚሉት ቁጥሩ ከሁለት በላይ የሆነ የምርምር መጽሔት ላይ። ካልሆነ ኮንትራቷ አይታደስም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እየሮጠች ገባች። «ያ አቡይ፣ ጽሑፌን ተቀበሉኝ፤ መጽሔቱ ሦስት ነው» አለች። ሦስት ምን? ብላት፣ እዚያ የወጣ ጽሑፍ በአማካይ ሦስት ጊዜ ይጠቀሳል አለችኝ። እናቷ ጥሩዬ ሰሃኑን አስቀመጠች። ማን ነው የጠቀሰሽ? ሦስቱም ወንዶች ናቸው? ባለትዳርስ የለባቸውም? ሰላም ደንግጣ «በዓይን አይደለም እኮ እማ፣ በጽሑፍ ነው» አለች። ጥሩዬ ባሰባት፤ ጭራሽ ደብዳቤ ተጀምሯል? ሌሎች ተመራማሪዎች ሲጽፉ ሥራዋን ያነሣሉ ማለት መሆኑ እስኪገባት ምሳው ቀዘቀዘ።

እኔን የከነከነኝ ግን «በአማካይ» ያለችው ነው። የሁለት ዓመቱ ጽሑፎች በቀጣዩ ዓመት የተጠቀሱት ተደምሮ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል አለችኝ። እንዲያ ከሆነ አንዱ ሠላሳ ጊዜ ተጠቅሶ ዘጠኙን ማንም ዞር ብሎ ባያያቸውም ሦስት ይሆናል? ይሆናል አለች። ይሄማ የደላላ ሒሳብ ነው። መጋዘኑ በአማካይ ደረቅ ነው ተብሎ እርጥብ ጆንያ ይሸጣል እንዴ? ጆንያ በራሱ ነው የሚለካው፣ በመጋዘኑ አይደለም። ይህንን ሰሊጥ ገበያ ለዋለ ሁሉ ነገርኩ። ሙዲሩንም ባገኘው እንደምነግረው ዛትኩ።

ዓመት ሊሞላ ሲል የሰላም ፊት ጠቆረ። ጽሑፏን የጠቀሰ አንድም ሰው የለም። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቶታል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ጦርነቱ ካርቱምን ካፈረሰ ወዲህ ስንቱ ምሁር እዚህ መጥቶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ልጄን ማን ይቀጥራታል?

በቀጠሮው ቀን ልሸኛት ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ብዙም አልቆየች፣ እየሳቀች ወጣች። ሙዲሩ ጽሑፉን አልገለጠውም። ስንት ሰው እንደጠቀሰውም አልጠየቃት። የመጽሔቱ ቁጥር ስንት ነው? ሦስት። «ተማም»፣ ጥሩ ነው፣ ብሎ ፈረመ። በቃ፣ ልጄ ቋሚ ሆነች።

ሙዲሩ ራሱ ተከትሏት ወጣና ጨበጠኝ። «ያ ዐም፣ ገበያ ውስጥ ስለ አማካይ የምትናገረው ነገር አለ አሉ። ምንድን ነው?» አለኝ።

«መጋዘኑ ደህና ከሆነ ጆንያ መክፈት ምን ያደርጋል ነው የምለው» አልኩት።