የሽንኩርት ማሽኑና የእትዬ ለተ ኪስ

እጄ በማሽኑ አንገት እስከ አንጓዬ ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው። አንተም ልክ በዚህ ሰዓት ስለደረስክ አረፍ በልና ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ እጄ የትም አይሄድም።

መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ? ምንም አታደርግም። ቴሌቪዥኑን እንደበራ፣ ምድጃውን እንደተሰካ ትተህ ደጅ ወጥተህ ትቀመጣለህ። ለምን አታጠፋውም ቢሉህ መልስህ ዝግጁ ነው፦ «ሲመጣ እንድናውቅ»። በዚህ ከተማ ያደግን ሰዎች የምናውቀው ማብራት ብቻ ነው፤ ማጥፋቱን ለሚመለከተው አካል ትተናል።

እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቀሪውን የጨረስኩት መገናኛ ነው። ታክሲ ላይ ተጣርቻለሁ፣ ሾላ ገበያ ሸክም አውርጃለሁ፤ አሁን ደግሞ የምግብ ቤት ማሽን ከሱቅ አንስቼ ደንበኛው ቤት ድረስ እወስድና እገጥማለሁ። እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አይወድም። ጣጣዬም እሱ ነው።

እትዬ ለተብርሃን ጎሮ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ የሠርግ ምግብ የሚያዘጋጁ ሴት ናቸው። እጃቸውን የቀመሰ ሰው ሙሽሮቹን ይረሳል፤ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ የበላሁበትን ሠርግ የማን እንደነበረ አላውቅም። ያን ቀን ለማግስቱ ሠርግ የሚሆን ቀይ ሽንኩርት በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል። ከታፊዎቻቸውን «ዛሬ ማሽን አለልኝ» ብለው ያሰናበቱት እኔን አምነው ነው። ሽንኩርቱ ሳይመሽ ድስት ካልገባ ወጥ የለም። ወጥ ከሌለ ሠርጉ ፎቶ ብቻ ነው።

የሽንኩርት መክተፊያ ማሽኑን ስገጥም ከአጠገቤ አልተነቃነቁም። ማሽኑ ያረፈበት ጠረጴዛ ትንሽ ሲነቃነቅ አይተው «ይሄ ሰክሯል» አሉና ሌላ አስመጡ። ስለቱን እኔ እንደ ጀብድ ከጫፉ ሳነሳው፣ እሳቸው ተቀብለው ከመሀል ጉብታው ያዙት፤ ቦታው አስቀመጡት። ክዳኑን ቀጭ እስኪል ቆለፉ። ባዶውን አስነስተው፣ ጎረቤት ሲጣላ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ድምፁን ሰሙ። ከዚያ አንዲት ወፍራም የፕላስቲክ ዘንግ አነሱ።

«ይቺስ?»

«መግፊያ ናት እትዬ። ሽንኩርቱን በአንገቱ ይከቱና በሷ ይጫኑታል። በእጅም ይሄዳል ግን።»

«በማን እጅ?»

መግፊያዋን ከእጃቸው ተቀብዬ አንገቱ ላይ ሰካኋት።

ሥራው ተጀመረ፣ ምን ልበልህ። የተላጠ ሽንኩርት ለሁለት ተሰንጥቆ በአንገቱ ይገባል፣ በወዲያ በኩል እኩል እኩል ሆኖ ይወርዳል። ሽንኩርቱ ውሃ እንዳይተፋ የማሽኑ ጎድጓዳ ሳይሞላ እያቆሙ ይገለብጡታል፤ ስለቱ መዞሩን ሳይጨርስም ክዳኑን አይነኩም። እኔ መቸኮል ነው የማውቀው፤ እሳቸው ሳይቸኩሉ ቀደሙኝ። የመጀመሪያው ጆንያ ባዶ ሆኖ ሲታጠፍ በኩራት ደረቴን ነፋሁ፤ ማሽኑን የወለድኩት እኔ የሆንኩ ይመስል።

ሁለተኛውን ጆንያ ጋመስ እንዳደረግን መብራት ጠፋ።

ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ። ግማሽ ሽንኩርት አንገቱ ላይ ተሰንቅሯል። በመግፊያዋ ብገፋው እምቢ አለኝ። ፀሐዩ ደግሞ እየዞረ ነው፤ ከታፊዎቹ ቤታቸው ገብተዋል፣ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቢያንስ መብራቱ እስኪመለስ ላጽዳው ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ማብሪያውን አልነካሁትም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ሲመጣ እንድናውቅ ነዋ።

እንግዲህ ስትገባ ያገኘኸኝ እዚህ ላይ ነው።

እትዬ ለተ ክንዴን ያዙኝ። አልጮኹም።

«ስፒናው የት ነው ያለው?»

«ግድግዳው ላይ። መብራት እኮ የለም እትዬ። በዚህ ሰዓት የሄደ ማታ ነው የሚመለሰው።»

«ቀጠሮ ሰጥቶሃል?»

ማብሪያውን አጠፉ፣ ስፒናውን ነቀሉ፤ ከነገመዱ ጎትተው የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ኪሱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «አሁን ግባ» አሉኝ። ሴትየዋ ይሄን ሁሉ ካላደረጉ አይሆንላቸውም ብዬ በሆዴ እየሳቅኩ እጄን ከተትኩ። ጣቴ ሽንኩርቱን ሲነካ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀዝቃዛው ስለት ተሰማኝ።

ፍሪጁ አጓራ።

የጎረቤት ሙዚቃ ካቋረጠበት ቀጠለ፣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ አፍ «መጣ» ብለው ጮኹ። በዚያ ግቢ ውስጥ የመብራቱን መምጣት ያልሰማው ማሽኑ ብቻ ነው።

ሽንኩርቱን ይዤ እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ጣቶቼን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። ብዙ ማሽን ገጥሜያለሁ፤ ፍጥነቱን የማይጠይቀኝ፣ ስለ ዋስትናው የማይጨቀጭቀኝ ባለቤት የለም። እጄ ማሽኑ ውስጥ ሊገባ ሲል ስፒናው የት እንዳለ የጠየቀ ሰው ግን ከእሳቸው በፊት አላየሁም። ማንም አላስተማራቸውም፤ ማንንም ለማስተማርም አልፈለጉም። ሲሠሩ እንዲህ ናቸው፣ በቃ።

ስፒናውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ልሰካው ብል እጄ ቀዳዳውን ሳተው፤ ደግሜ ብሞክርም ሳተው። አይተው ተቀበሉኝ፣ በርጩማም በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«ቁጭ በል ወደይ።»

ወደይ ሲሉ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሽንኩርቱ ይዘገያል እኮ እትዬ፣ ሠርጉ ነገ ነው» አልኳቸው።

«ይዘግይ» አሉ። «እኔን ያዘዙኝ ወጥ ነው፤ ጣት ይግባበት ያለኝ የለም።»