የነሐሴ ተረኛ

እኛ ደባርቆች እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ በብርድ የተቆራመደ ሰው ደጃችን ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ካለ፣ ማን ነህ ሳንለው እግሩን እናጥባለን፤ አልጋችንን ለቀን መደብ ላይ እንተኛለን። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ተረቱም «እንግዳ ለመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ለሁለተኛው ብር፣ ለሦስተኛው መዳብ» ይላል። ስለ አራተኛው ቀን ምንም አይልም። እኔ ነገር ጎድሎ ሲቀር የማይሆንልኝ ሰው ነኝና ይህ አራተኛ ቀን ሲያሳስበኝ ኖሯል። እንግዳው ካልሄደስ? የሚሄድበት ከሌለውስ?

አስቀድሜ ስለ ማኅበራችን ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። የሚካኤል ማኅበር ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይጠጣል። በመጨረሻም ጽዋው፣ ያ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የሸክላ ዕቃ፣ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጥና ወር ሙሉ እሱ ቤት ይከርማል። አባቴ ሲያርፉ ወንበራቸው ለእኔ ደረሰ። ከሁሉ ታናሽ ስለነበርሁና አንድን ነገር ደጋግሜ ሳላረጋግጥ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ተራ አስታዋሽ አደረጉኝ። ሥራው ቀላል ነበር። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ሰው። እያንዳንዳችን ወራችንን ከአባት ወርሰናል፤ የእኔ ጥር ነው፤ ጎተራው ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ። የአባቴን ነፍስ ይማር። አያ ፈንታሁን ግን የወረሱት ነሐሴን ነው። ነሐሴ በእኛ አገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ፦ ጎተራው ባዶ፣ ማገዶው እርጥብ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ጉሙ ሳያንኳኳ ቤት የሚገባ፤ በዚያ ላይ የፍልሰታ ጾም። አያ ፈንታሁን ወር የሚለውጣቸው ሰው ዕድሜ ልካቸውን ፈልገው አጥተዋል። ስለ ማኅበርተኛ ፍቅር ብዙ እናወራለን፤ ነሐሴን የሚወስድ ፍቅር ግን አልተገኘም።

ወይዘሮ ለተብርሃን ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ከአሥመራ የመጡት ድንበሩ ላይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው የጎረቤት ወረዳችን የጃናሞራ ሰው ነበሩ፤ አሥመራ ሾፌር ሆነው ኖረው እዚያው ዐረፉ። ሴትዮዋ በማያውቁት አገር የሚያውቁት የባላቸውን ወረዳ ስም ብቻ ነበር። እዚያ «የኢትዮጵያዊ ሚስት» ተብለው ወጡ፤ እዚህ ደግሞ አማርኛቸው ውስጥ ትግርኛ ሲሰማ ጠላ ቤቱ ዝም ይላል። የአያ ፈንታሁንን የጓሮ ክፍል ተከራዩ።

ማኅበራችን የወርቁን ቀን አላሳፈረም። ገብስ ወጣ፣ ብርድ ልብስ ወጣ፣ ከየወሩ ዳቦ በመሶብ ይላክላቸው ጀመር። ውሎ አድሮ ግን መዳቡ መጣ። አንዱ ጠላ ቤት ተቀምጦ «ያቺ ሴት ሬዲዮ ታዳምጣለች» አለ። ያን ጊዜ ሬዲዮ የማያዳምጥ ሰው ደባርቅ ውስጥ አልነበረም፤ ቢሆንም «ሰላይ ናት» የሚል ወሬ ሆኖ ሮጠ። አያ ፈንታሁን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። እኔም ፈሪ ስለሆንሁ አውቃቸዋለሁ። ሴትዮዋን «ለመስቀል ልጄ ከዳባት ይመጣል፤ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አሏቸው። ዳባት ቅርብ ናት፤ ልጁም መጥቶ ለማደር ክፍል ፈልጎ አያውቅም። ከዚያ ከወጡ ለሴትዮዋና ለልጆቻቸው የሚቀርላቸው የተፈናቃይ ድንኳን ነበር።

የማኅበራችን ቄስ መምሬ ዳኘው የሐምሌ ተረኛ ነበሩ። ይህንኑ ላስታውሳቸው ቤታቸው ሄጄ ሳለ ወይዘሮ ለተብርሃን ባዶውን መሶብ ይዘው ገቡ። ዳቦ ሊጠይቁ መሰለኝ።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ዳቦ አትላኩልኝ» አሉ።

«ምነው ልጄ? ሻገተ እንዴ?»

«አልሻገተም። እኔም በአገሬ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበርሁ። አብልቼ ነው የበላሁት። እኔን የቸገረኝ ዳቦ አይደለም፤ ተራ ነው። ተራ የሌለው ሰው ከቤት ሲወጣ ማን ‹የት ሄደ› ይላል?»

መምሬ ጢማቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ፣ ተራ አስታዋሹ?»

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በትክክል መለስሁ። «አባታችን፣ ወሩ አሥራ ሁለት ነው። ጳጉሜን እንዳንሰጣቸው፣ ጳጉሜ አሥራ ሁለተኛ ቀን የላትም።»

ሴትዮዋ አዩኝ። የሒሳብ አስተማሪዬ እንኳ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም።

የሐምሌ ሚካኤል ዕለት ዳቦው ተበልቶ ጽዋው ለአያ ፈንታሁን ሊሰጥ ሲል፣ መምሬ እጃቸውን ጽዋው ላይ ጭነው የወይዘሮ ለተብርሃንን ማኅበር መግባት አነሡ። ቤቱ ጉምጉም አለ።

«መምሬ፣ ዘመኑን እያዩት ነው?» አሉ አያ ፈንታሁን። «መርዳቱን ረዳን። ማኅበር ማስገባት ግን ሌላ ነው። ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ድሮስ የማይለው ምን አለ?» አሉ መምሬ። ከዚያ እኔን፦ «አንተ፣ አሥራ ሦስተኛ ሰው ቢገባ ተራው ምን ይሆናል?»

«ይበላሻል» አልሁ።

«እንዴት አድርጎ?»

«ዓመቱ አይበቃንም። ሁላችንም በየዓመቱ አንድ አንድ ወር እንገፋለን። የእኔ ጥር የካቲት ይሆናል፤ ከርሞ መጋቢት…»

«ያንተን ተወው። ጽዋውን ዛሬ እሷ ብትወስድ ፈንታሁንስ?»

በጣቴ ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ። «አያ ፈንታሁን… መስከረም ላይ ይውላሉ።»

«ከርሞስ?» ይህን ያሉት መምሬ አይደሉም። አያ ፈንታሁን ናቸው።

«ከርሞ ጥቅምት። ከዚያ ኅዳር። ነሐሴ ተመልሶ እስኪደርስዎት ከአሥር ዓመት በላይ ይሄዳል።»

አያ ፈንታሁን ዋንጫቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ጣሪያውን አዩ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ሚካኤል የፈቀደውን እኔ ማን ነኝና እከለክላለሁ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሒሳቡን አልጨረስሁም ነበር። ስንወጣ መምሬን ወደ ጎን ጠራሁና «አባታችን፣ ከርሞ ነሐሴ የሚወድቀው በእርስዎ ላይ ነው» አልኋቸው።

«እሱን ማን አስላ አለህ?» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ጽዋው በዝናብ ወጣ። መምሬ በአቋራጩ አልሄዱም፤ በዋናው መንገድ፣ በጠላ ቤቱ ደጅ አሳለፉን። ተጠርተው የመጡት ወይዘሮ ለተብርሃን ጽዋውን አቅፈው ከፊት፣ እኛ ማኅበርተኞች በእልልታ ከኋላ፣ እስከ አያ ፈንታሁን ጓሮ ድረስ አጀብን። ከተማው አየ። ያ ሬዲዮውን ያወራው ሰውዬ በሳምንቱ አያ ፈንታሁንን «ሴትዮዋን አላስወጣሃትም?» ቢላቸው፣ «ክፍሏ ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለህ? ሚካኤልን ነው አስወጣ የምትለኝ?» ብለው አፉን አስያዙት።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ሴትዮዋ ከማንም አንድ ቁና ዱቄት አልተቀበሉም። ከልጆቻቸው ጋር ክረምቱን ሹራብ ሠርተው ቅዳሜ ገበያ ሲሸጡ ነበር የከረሙት። የሽሮው በርበሬ አስለቀሰን፤ ጾሙን አስረሳን። ዳቦው ሕምባሻ ነበር፤ ፊቱ ላይ እንደ ጋሪ እግር መሥመር የተሣለበት። አያ ፈንታሁን ገልብጠው አዩትና «ይኼ ዳቦ ደግሞ ቆራሽ አያስፈልገው፤ ቀድሞ ተካፍሎ ነው የመጣ» አሉ። ጽዋውንም ከወይዘሮ ለተብርሃን እጅ በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ተቀበሉ።

መስከረም ደረሰ፤ አያ ፈንታሁን በደረቅ ማገዶ ደገሱ፤ ሊጡን ከሚስታቸው ጋር ያቦኩት ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው። መስቀልም ደረሰ። ልጁ ከዳባት መጥቶ ትልቁ ቤት አድሮ ሄደ። ክፍሉ የሚፈለግበት መስቀል ግን እስካሁን አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መጡ፤ ከበየዳ በድርቅ የወረዱ፣ ከሱዳን የተመለሱ። እኛ ገብስ ልናዋጣ ስንነሣ ወይዘሮ ለተብርሃን «ገብሱ ደግ ነው። ተራቸውስ መቼ ነው?» ይላሉ። አሁን አሥራ አምስት ሆነናል። ከአባት የወረስነው ወር ጠፍቷል፤ የእኔ ጥር የት እንደገባ እንጃ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ለቀቅሁ። እንዲህ የተበላሸ ተራ በአካባቢው አንድም ማኅበር የለውም፤ ስለዚህ ነው ትንሽም ቢሆን የምኮራው።

ዘንድሮ ነሐሴ የደረሰው ለእኔ ነው። ማገዶዬን ዝናብ ሲመታው አያ ፈንታሁን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «አንተ ተራ አስታዋሽ፣ በደንብ ቆጥረሃል?» አሉኝ።

ቆጥሬያለሁ። ደግሜም ቆጥሬያለሁ። ልክ ነው።