በራዊሪ ጋራዥ የተሰጠ የፍላት ዋይት ትምህርት

ራዊሪ፦ እኔ አንተን ገና በቅጡ አላውቅህም፤ ከአውሮፕላን የወረድከው ትናንት ነው። ስለዚህ አሁን ያልከውን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው።

ትሬቨር፦ ስማው እንጂ። ፍላት ዋይት የአውስትራሊያ ቡና ነው።

ራዊሪ፦ ዛሬ ሠርግ ባይሆን ኖሮ እኮ...

ትሬቨር፦ ባይሆን ምን ታደርግ ነበር?

ራዊሪ፦ ዝም እል ነበር። ግን ዝምታዬ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር።

[ኒውዚላንድ፣ ጊዝቦርን ከተማ፣ የራዊሪ ጋራዥ። መኪናው በሚቆምበት ቦታ ለሠርጉ የተከራዩት የቡና ማሽን ተተክሏል። የራዊሪ ልጅ ኒካው ከአውስትራሊያ፣ ከሜልቦርን የመጣውን የዚህን ሰው፣ የትሬቨርን ልጅ ቴስን ጠዋት አግብቷል። ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ሃንጊው አለ፤ በጉ፣ ዶሮውና ስኳር ድንቹ በጋለ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ አፈር ተመልሶበታል። ሰዓቱ ሳይደርስ አፈሩ ከተነካ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ ሥጋው ጥሬ ይቀራል፣ የሠርጉ እንግዳ ሁሉ ጦሙን ያድራል። ለዚህ ነው የራዊሪ ሚስት ሁያ ጠዋት ባሏን ጥግ አስይዛ፣ «ይህ አማችህ ያገኘውን ክዳን ሁሉ የሚከፍት ሰው ይመስላል። እኔ እስክጣራ ከጋራዥ እንዳታስወጣው። ቡና አስተምረኝ በለው» ያለችው። ራዊሪም በሆዱ እየሳቀ ደደብ ተማሪ ሆኖ ተቀምጧል።]

ትሬቨር፦ በል ከመጀመሪያው እንጀምር። ፍላት ዋይት ምንድን ነው?

ራዊሪ፦ ወተት ያለበት ቡና።

ትሬቨር፦ አይደለም።

ራዊሪ፦ ወተት የለበትም?

ትሬቨር፦ አለበት።

ራዊሪ፦ ቡናስ?

ትሬቨር፦ አለበት።

ራዊሪ፦ ታዲያ እኔ ምን አልኩ?

ትሬቨር፦ ወዳጄ፣ ቁም ነገሩ አረፋው ላይ ነው። የካፑቺኖ አረፋ እንደ ትራስ ያበጠ ነው። ላቴ ወተቱ ይበዛል። የፍላት ዋይት አረፋ ግን ስስ ነው፣ ሐር በለው፤ ከወተቱ ጋር አንድ ሆኗል። አለ፣ ግን አይታይም።

ራዊሪ፦ ካልታየ መኖሩን በምን አወቅን?

ትሬቨር፦ በከንፈር።

ራዊሪ፦ አሃ። [አንገቱን ወደ ጓሮው በር ያሰግጋል።] ይሄ የሚሸተው ሥጋ ነው አፈር?

ትሬቨር፦ ቡና ነው። ፊትህን ወደዚህ አዙርና ጆጉን ያዝ። የእንፋሎት ቧንቧውን ጫፉን ብቻ ወተቱ ውስጥ ትነክረዋለህ። ወረቀት ሲቀደድ የመሰለ ድምፅ ስትሰማ ጠለቅ ታደርገውና ወተቱ ይሽከረከራል።

[ራዊሪ ሆን ብሎ ቧንቧውን ከወተቱ ያወጣዋል። ወተቱ ተረጭቶ ግማሹ የትሬቨር ክራቫት ላይ ያርፋል። ራዊሪ በሥራው ኮራ።]

ራዊሪ፦ ይሄኛው ካፑቺኖ ነው?

ትሬቨር፦ ይሄኛው ዝናብ ነው።

ራዊሪ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ እጄ ለአካፋ የተሠራ ነው። እንደገና አስረዳኝ እስቲ፣ ከአረፋው ጀምረህ።

ትሬቨር፦ በደስታ። ጊዜ አለን።

ራዊሪ፦ [ለራሱ] ወይ ጉድ፣ ምስኪን። ጊዜ አለን ይላል።

ትሬቨር፦ ምን አልክ?

ራዊሪ፦ ወተት ላምጣ አልኩ። ግን እንዲያው ይሄን ቡና የእናንተ ያደረጋችሁት መቼ ነው? ጥሩ ፈረስ አሳደግን፣ የእናንተ ሆነ። ዘፋኞቻችን ስማቸው ሲወጣ የእናንተ ሆኑ። ፓቭሎቫ ኬካችንን ወሰዳችሁ። ከመካከላችን አንዱን ፖሊስ ሲይዘው ብቻ «የኒውዚላንድ ተወላጅ» ትላላችሁ።

ትሬቨር፦ አሁን ደግሞ ልጄን ወሰዳችሁ። ተቻቻልን በለው።

[ራዊሪ ሰውየው ክራቫቱን ሲጠርግ ያየዋል። ልጁን ባሕር አሻግሮ የሰጠ አባት ነው፤ ሊያሳዝነው ትንሽ ቀረው። ከዚያ ሐሳቡ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰበት።]

ራዊሪ፦ እኔ እስቲ አንዴ ብቅ ልበል።

ትሬቨር፦ ወዴት?

ራዊሪ፦ ሽንት ቤት።

ትሬቨር፦ ሽንት ቤት በዚያኛው በር ነው። ይሄ ወደ ጓሮ የሚወስደው ነው።

ራዊሪ፦ አየር እየተቀበልኩ ዞሬ ልሂድ ብዬ ነው።

ትሬቨር፦ ወተት እያሞቀ ያለ ሰው ዓይኑን አያነሣም። ያርርበታል።

ራዊሪ፦ ወተቱ እኮ ገና ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ትሬቨር፦ አሁን በሐሳብ ነው የምናሞቀው። ተቀመጥ።

ራዊሪ፦ [ይቀመጣል፤ አንድ እግሩ ግን አልተቀመጠም።] እውነቱን ልንገርህ፣ በጉድጓዱ ጎን እንፋሎት የሚወጣ መሰለኝ። ጆንያውን ጥግ ላይ ብቻ፣ እንዲህ በሁለት ጣት ገለጥ አድርጌ...

ትሬቨር፦ ራዊሪ፣ ቅጠሉን እንሥራ።

ራዊሪ፦ የምን ቅጠል?

ትሬቨር፦ ወተቱን ስታፈስ እጅህን ወዲህ ወዲያ ታደርጋለህ፣ አናቱ ላይ የፈርን ቅጠል ይወጣል። እየኝ።

[ትሬቨር ከፍሪጁ ወተት አውጥቶ ያሞቅና ቡናው ላይ ያፈሳል። ሁለቱም ስኒው ላይ ያጎነብሳሉ።]

ራዊሪ፦ የታመመ በግ ነው።

ትሬቨር፦ ፈርን ነው።

ራዊሪ፦ ፈርንን እኔ አውቀዋለሁ፤ የአገሬ ምልክት ነው፣ የራግቢ ማልያችን ላይ ሁሉ አለ። እናንተ ካንጋሯችሁን ሳሉ።

ትሬቨር፦ እንግዲያው ካንጋሮ ነው። ተኝቶ ነው።

ራዊሪ፦ ሞቶ እንዳይሆን። [ይቀምሰዋል።] አረፋው ግን እንዳልከው አልታየኝም።

ትሬቨር፦ አላልኩህም?

ራዊሪ፦ በከንፈርም የለም።

ትሬቨር፦ በጣም ስስ ስለሆነ ነው።

[ከጓሮ የሁያ ድምፅ ይሰማል፤ «ሃንጊው ወጥቷል፣ በስሏል፣ ኑ።» የእንግዶቹ ጭብጨባ ተከተለ። ራዊሪ ስኒውን ያስቀምጥና ይስቃል። እንባው እስኪመጣ ይስቃል።]

ራዊሪ፦ ይቅር በለኝ ወንድሜ። ከእንግዲህ ዘመድ ነን፣ ልደብቅህ አልችልም። እዚህ ተቀምጬ ሳደክምህ የዋልኩት ቡና መማር አምሮኝ እንዳይመስልህ። ሁያ ናት ያዘው ያለችኝ። ጉድጓዱን ሄደህ እንዳትከፍተው።

ትሬቨር፦ እኔ?

ራዊሪ፦ አንተ።

ትሬቨር፦ ጉድጓዱ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

ራዊሪ፦ ያው እንዳታውቅ ነዋ የጠበቅሁህ።

ትሬቨር፦ [ክራቫቱን ቀስ ብሎ እየፈታ] ሁያ እኔንም ጠዋት አነጋግራኛለች።

ራዊሪ፦ ምን ብላ?

ትሬቨር፦ «በትልቋ ልጃችን ሠርግ ባሌ አላስችል ብሎት ሃንጊውን ከፈተው፤ እንግዳ ሁሉ ዳቦ በቅቤ በልቶ ተሸኘ። ዛሬ ከደገመው ኒካው አያናግረውም። የፈለግከውን አስተምረው፣ ብቻ ከጋራዥ እንዳይወጣ» ብላ።

[ራዊሪ መሳቁን ያቆማል። ሳይቀመጥ የቆየው እግሩ ተቀመጠ።]

ራዊሪ፦ ስለዚህ ያ ሁሉ ትምህርት...

ትሬቨር፦ ሁያ እንደነገረችኝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። እኔ የሻይ ሰው ነኝ፤ ቡና የምትጠጣው ሚስቴ ናት።

ራዊሪ፦ አረፋውስ? ሐሩ?

ትሬቨር፦ ቪዲዮው ላይ በጣም ያምር ነበር።

[ሁያ በሩን ከፍታ ትገባለች። እጇ እስከ ክርኗ አፈር ነው። ሁለቱ ወንዶች እንደ ተማሪ ይነሣሉ።]

ሁያ፦ ምን ተገትራችኋል? ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ነው። ሙሽሮቹ አባቶቻችን የት አሉ እያሉ ነው።

ራዊሪ፦ ቆይ ሁያ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እውነት እሱንም ፈርተሽው ነበር፣ ወይስ ከመጀመሪያውም እኔን ብቻ ነው?

[ሁያ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። የተኛው ካንጋሮ ያለበትን ስኒ አንሥታ አንዴ ፉት አለች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ስኒውን ባሏ እጅ ላይ አስቀመጠችና ወደ እንግዶቿ ወጣች።]