ብርድ በቆርቆሮ

[ወላይታ ሶዶ፣ ረፋድ ላይ። የኤልሳዕ አሮጌ መኪና ግቢው ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ኤልሳዕ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። ጎረቤቱና ጓደኛው መልካሙ በአንድ እጁ የጥገና ቪዲዮ የተከፈተበት ስልክ፣ በሌላው ትንሽ ቆርቆሮ ይዞ አጠገቡ ቆሟል።]

መልካሙ፦ እኔ አልገባኝም። ብርዱ እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ካለ፣ ቆርቆሮው ለምን አይቀዘቅዝም?

ኤልሳዕ፦ ብርድ አይደለም አልኩህ! ጋዝ ነው!

መልካሙ፦ ጋዝ ያሞቃል እንጂ ያቀዘቅዛል እንዴ? እኛ ቤት ወጥ የሚሠራው በምን ሆነና?

ኤልሳዕ፦ ያ ሌላ ጋዝ ነው። ይሄ የመኪና ኤሲ ጋዝ ነው፤ ከሐዋሳ ነው ያስመጣሁት። አሁን ስልኩን ቀና አድርገህ ያዝ፤ ሰውዬው ተዘቅዝቆ ነው እንዴ የሚያስተምረኝ?

መልካሙ፦ ሰውዬውም እኮ ጎንበስ ብሏል።

ኤልሳዕ፦ እሱ ሞተሩን ሊያይ ነው የጎነበሰው!

መልካሙ፦ እኔም እሱን ላየው ብዬ ነው።

ኤልሳዕ፦ ወይ ጌታዬ! ከሶዶ ሕዝብ ሁሉ መርጬ አንተን ለሥራ ጠራሁ!

መልካሙ፦ መርጠህ አይደለም፤ ሌላው ሰው ሥራ ላይ ነው። ደሞ አንተ ብርድ በገንዘብ ለምን ትገዛለህ? ዳሞታ ተራራ ይኸው አናታችን ላይ ተቀምጧል። መስኮቱን ብትከፍት በነጻ ይገባልሃል።

ኤልሳዕ፦ ዳሞታ ዲምቱ ድረስ ይከተለኛል? እማማ አስካለችን ይዤ የምወርደው ቆላ ነው፣ ቆላ! ባለፈው ያደረስኳቸው ቀን ከኋላ ተቀምጠህ አልነበር? ሲወርዱ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይንቆረቆር ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ቤታቸው ገቡ።

መልካሙ፦ አዎ፣ ጨፍነው ነበር።

ኤልሳዕ፦ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ይላክ ወይ አይላክ፣ ወፍ የለም! [ፒንሳውን ያስቀምጣል] የሜላት እናት እኮ ናቸው፣ መልካሙ። አባቷ ከእሳቸው ቃል አይወጡም። እኔ ሜላትን ያጣኋት በሌላ በምንም አይደለም። በሙቀት ነው።

መልካሙ፦ አይ! ያን ቀንማ ዕቃቸውን ቤት ሳስገባላቸው እማማ የነገሩኝ አለ።

ኤልሳዕ፦ ምን አሉህ?

መልካሙ፦ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ያን ቀን ጠዋት እኔ ቤት ቦዬ ተቀቅሎ ነበር...

ኤልሳዕ፦ ስለ ቦዬ ማን ጠየቀህ?

መልካሙ፦ እኔ ነገር ከመሃል መጀመር አልችልም። ቦዬው እንደ ትኩስ ድንች ይፋጅ ነበር፤ ሚስቴ ደግሞ...

ኤልሳዕ፦ ተወው! ባገኘኸኝ ቁጥር ይሄን ቦዬ! ይልቅ ስማ። እማማ እህታቸው ቤት አራስ ሊጠይቁ መጥተው ሰንብተዋል። ዛሬ ወደ ዲምቱ ሲመለሱ «ከኤልሳዕ መኪና በቀር በሌላ አልሄድም» ብለው ላኩብኝ። ለምን ይመስልሃል?

መልካሙ፦ እሱማ ምክንያቱ...

ኤልሳዕ፦ ሊፈትኑኝ ነዋ! ይሄ ሰው ለልጄ ይታሰብ አይታሰብ ብለው ሁለተኛ ዕድል መስጠታቸው ነው። አንተ እንዲህ ዓይነት ነገር በየት ይገባሃል? ቪዲዮውን ልቀቀው!

[ከስልኩ፦ «ውድ ተመልካቾቼ፣ ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ላይክ፣ ሼር...»]

መልካሙ፦ ሥራ ሳይጀምር ምርቃት የሚጠይቅ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም።

ኤልሳዕ፦ እለፈው!

[ከስልኩ፦ «...እንግዲህ ጋዙን እንሞላለን። ግን አደራችሁን! በፍጹም ማድረግ የሌለባችሁ አንድ ነገር አለ። እሱን ካደረጋችሁ ኤሲያችሁን ደህና ሰንብት በሉት። እሱም...» ድምፁ ይቋረጣል።]

ኤልሳዕ፦ እሱም?

መልካሙ፦ እሱም እየተሽከረከረ ነው። [ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል] ኔትወርክ ሄደ።

ኤልሳዕ፦ አሁን ነው የሚሄደው? ...ይሁን፣ ምንም አይደል። የሚደረገውን አይተናል። የማይደረገውን አናደርግም፤ አለቀ።

መልካሙ፦ የማይደረገው ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንዴት ነው የማናደርገው?

ኤልሳዕ፦ በጭንቅላት ነዋ! ታዲያ ዲግሪ የያዝኩት ለምንድነው?

መልካሙ፦ ዲግሪህ በምን ነበር?

ኤልሳዕ፦ በኅብረት ሥራ ማኅበራት።

መልካሙ፦ [አሰብ አድርጎ] እሱም ጥሩ ነው። እኛም ሁለት ነን።

ኤልሳዕ፦ ቆርቆሮውን አምጣ። ይቺ ቱቦ እዚህ ትገባለች... እንዲህ... ሞተሩ እንደተነሳ ነው፣ እጅህን ከሚሽከረከረው ቺንጋ አርቅ! ያዝ። አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳትለቀው።

[ፍስስስ የሚል ድምፅ።]

መልካሙ፦ ነፍሷ ወጣች!

ኤልሳዕ፦ እየገባ ነው እንጂ! ያዝ!

መልካሙ፦ ኤልሳዕ፣ ነከሰኝ! ቆርቆሮው ነከሰኝ! በረዶ ሆነ እኮ!

ኤልሳዕ፦ ጋዙ ሲወጣ እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ እኔ የማላውቀው መሰለህ? ጨርቅ ጠቅልልበት።

መልካሙ፦ ብርዱ ሁሉ እኔ እጅ ላይ ወጥቶ ለመኪናዋ ምን ተረፋት? ከዚህ ሁሉ እማማን ቆርቆሮውን አስታቅፈን ብንወስዳቸውስ?

ኤልሳዕ፦ ዝም! [ወደ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፍ ይጫናል] አይሠራም። ይቺ ማብሪያ ድሮም ሰነፍ ናት። ሽቦ ስጠኝ። ናስትሮውንም።

መልካሙ፦ ሽቦው ምን ሊያደርግ?

ኤልሳዕ፦ ኮምፕሬሰሩን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘዋለሁ። ማራገቢያውንም እንደዚሁ። ማን ማብሪያ ይለምናል? [ይጠመዝዛል፣ በናስትሮ ይጠቀልላል፣ ደግሞ ይጠቀልላል] ይኸው! ንጉሥ እንኳ አይፈታውም።

መልካሙ፦ ማጥፊያውስ?

ኤልሳዕ፦ የምን ማጥፊያ?

መልካሙ፦ ብርዱ ሲበቃን በምን እናጠፋዋለን?

ኤልሳዕ፦ ገነት ውስጥ ማጥፊያ አለ? አንተ ሰው፣ ቆላ እየወረደ ብርድ በቃኝ የሚል ማን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንተ ካልሆነ ከማንም አይመጣም!

መልካሙ፦ ጠየቅኩ እንጂ አላስገደድኩ። ብቻ ያን ቀን እማማ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። እኔ ደግሞ ቦዬው ገና ሆዴ ውስጥ...

ኤልሳዕ፦ ይሠራል! መልካሙ፣ ይሠራል! ና፣ ፊትህን እዚህ አድርግ!

መልካሙ፦ [አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ] ወይ ጉድ! ጥርሴን አመመኝ! የዳሞታን ጫፍ ቆርሰህ አመጣኸው እኮ! ኤልሳዕ፣ ይቅር በለኝ፤ አንተስ ሊቅ ነህ።

ኤልሳዕ፦ [መነጽሩን አውልቆ] ገና አሁን ነው የገባህ?

[እማማ አስካለች ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እያነከሱ በበሩ ይገባሉ። ሻሻቸው ከአናታቸው ላይ ጉብ ብሏል።]

እማማ አስካለች፦ ሰላም ለዚህ ቤት! እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? ዘገየሁ መሰለኝ። እህቴ ለመንገድ ብላ አናትሽን ቅቤ ካልቀባሁሽ ብላ ነው።

ኤልሳዕ፦ እንኳን ደህና መጡ እማማ! ይግቡ፣ ከፊት ይቀመጡ። ዛሬ የሚያዩት ሌላ መኪና ነው።

እማማ አስካለች፦ ጌታ ይባርክህ! [ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ] እስኪ መስኮቱን ዝጋልኝ፣ ንፋስ እንዳይመታኝ... [አንድ ዓይናቸውን ይገልጣሉ።] ልጄ፣ መኪናዋ ምን ሆነች? ታመመች እንዴ?

ኤልሳዕ፦ ዳነች እንጂ እማማ! ተሰማዎት?

እማማ አስካለች፦ አካይ! አካይ! አይሆንም! ምንድነው ይሄ በቀሚሴ የሚገባው? ጉልበቴ! ኧረ ጉልበቴን! ያ ሙቀቴ የት ሄደ?

ኤልሳዕ፦ የትኛው... ሙቀት?

እማማ አስካለች፦ ያ የባለፈው ነዋ! ይሄ ቁርጥማት ስንት ዓመት ሲበላኝ ፍልውሃ አልቀረኝ፣ ጸሎት አልቀረኝ። ያን ቀን አንተ መኪና ውስጥ ዲምቱ እስክንደርስ ጉልበቴ ፍትት አለልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጌታን እያመሰገንኩ ነው የወረድኩት፤ ጸሎቴ እንዳይቋረጥብኝ ሰላም እንኳ አላልኩህም። ለዚህ ልጅ ያልሰጠሁ ለማን እሰጣለሁ፣ ሽማግሌ ይላክ በለው ብዬ፣ ጸሎቴን ስጨርስ ለመልካሙ ነገርኩት። እናንተ ግን ዝም አላችሁ።

[ኤልሳዕ ቀስ ብሎ ወደ መልካሙ ይዞራል።]

ኤልሳዕ፦ መልካሙ?

መልካሙ፦ አቤት።

ኤልሳዕ፦ ለምን አልነገርከኝም?

መልካሙ፦ ባየሁህ ቁጥር ጀምሬልሃለሁ። ባየሁህ ቁጥር ቦዬው ላይ ታቆመኛለህ።

እማማ አስካለች፦ ኧረ ልጄ፣ አጥፋው! ቅቤው አናቴ ላይ ረጋ!

ኤልሳዕ፦ አ... አይጠፋም እማማ።

መልካሙ፦ ገነት ውስጥ ማጥፊያ የለም፣ እማማ።

ኤልሳዕ፦ ዝም በል አንተ! መስኮቱን ልክፈትልዎት፣ ሙቀት እንዲገባ።

እማማ አስካለች፦ ንፋስ ሊጨመርብኝ? ልትገድለኝ ነው?

መልካሙ፦ ሽቦውን በፒንሳ ልቁረጠው?

ኤልሳዕ፦ እንዳትነካው! ከባትሪው ጋር ነው፣ እሳት ይተፋብሃል!

እማማ አስካለች፦ [ምርኩዛቸውን ፈልገው እየወረዱ] ተው በቃ፣ አትጣሉ። እኔ መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ እይዛለሁ። እዚያ ሰው ከሰው ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ደህና ይሞቃል። ኤልሳዕ፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ፤ አልተቀየምኩህም። ግን ሜላት ልጅ ስትወልድ ልጠይቅ የምመጣው በዚህ መኪና ከሆነ ሞቴ ነው። ሽማግሌህን አሁን አትላክ።

ኤልሳዕ፦ [ከኋላቸው እየተከተለ] እሺ መቼ ልላክ እማማ?

እማማ አስካለች፦ መኪናህ ሲበላሽ።

[እያነከሱ ይወጣሉ። ሁለቱ ይተያያሉ። ማራገቢያው ይጮኻል።]

ኤልሳዕ፦ ያ ሰውዬ... በፍጹም አታድርጉ ያለው ነገር ምን ነበር?

መልካሙ፦ ምን ያደርግልሃል? ጨርሰህ የለ?

ኤልሳዕ፦ አሁኑኑ ላደርገው ነዋ! ስልኩን አምጣ! ኔትወርክ ፈልግ! ግንቡ ላይ ውጣ!

[መልካሙ ግንቡ ላይ ወጥቶ ስልኩን ከፍ ያደርጋል። ስልኩ፦ «...እሱም፣ የኮምፕሬሰሩን ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው፣ ጥቂት ደህና ይቀዘቅዝለትና ከዚያ ቃጠሎ ነው።»]

መልካሙ፦ [ከግንቡ ላይ] አድርገኸዋል እኮ።

[ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ማራገቢያው ሁለቴ ያስላል፣ ዝም ይላል። ሞተሩ ግን እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። ኤልሳዕ ተንደርድሮ እጁን ከዳሽቦርዱ ቀዳዳ ላይ ያደርጋል።]

ኤልሳዕ፦ ለብ አለ... መልካሙ፣ ለብ ብሏል! ሞቀ! [ወደ በሩ እየሮጠ] እማማ! እማማ አስካለች! ይመለሱ! ደስ ይበልዎት፣ ተበላሸ!

[መልካሙ ግንቡ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ስልክ ይደውላል።]

መልካሙ፦ ሃሎ፣ ጋሽ ጌታነህ? ለኤልሳዕ ሽማግሌ ሆነው ዲምቱ ይወርዱለት ነበር... አዎ፣ አሁን ይላክ ተብሏል... ለምን እስካሁን ቆየ? ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ያን ቀን ጠዋት እኔ ቤት ቦዬ ተቀቅሎ ነበር...